ኩንሃብዱላ ከሻርጃው ባንክ ጋር

ተከራካሪ የሌለበት ሰፈር የለም። በየትኛውም ገበያ ሻጮች ከሩቅ ሲያዩት ዕቃቸውን መሸፈን የሚያምራቸው አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለናዳፑራም ከተማ ሰዎች የደረሰን ክቡር ኩንሃብዱላ ነው፤ ታላቄ ስለሆነ ኢካ እለዋለሁ።

ኢካ ዓሣ ሲገዛ ጭንቅላቱን ስለማይበላው ከሚዛኑ ይነሳልኝ ይላል። ፀጉር አስተካካዩን «መሃሉ በራ ነው፣ የሠራኸው ዳር ዳሩን ነው» ብሎ ግማሽ ይከፍለዋል። ሐኪሙ ሁለት ጥርስ ነቅሎለት ሳለ «ሦስተኛውን መርቁልኝ» ያለ ሰው ነው። አብሬው ገበያ በወጣሁ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ቀልዱ ያበቃው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። ሻርጃ ውስጥ የመጋዘን ኃላፊነት ሥራ አገኘ፤ በሁለት ወር ካልገባ ቪዛው ይቃጠላል። ከስድስት ዓመት በፊት ግን እዚያው ሳለ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ተዘግቶበት የባንክ ብድሩን ሳይከፍል ነው የመጣው። ከነወለዱ ሠላሳ አንድ ሺህ ድርሃም ደርሷል፤ ባንኩም ከስሶታል። ሳይዘጋው ከሄደ አየር ማረፊያው ላይ ይይዙታል።

አንዱ «በሌላ አገር ዞረህ ግባ» አለው፤ ሌላው «ፓስፖርት ቀይር» አለው።

«ሌባ ነኝ እንዴ?» አለ ኢካ። «ከፍዬ፣ ቀና ብዬ ነው የምገባው።»

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ከሶላት መልስ አማድ ሻይ ቤት ተቀምጦ ወደ ባንኩ ይደውላል፤ እኛም ሻያችንን ይዘን እንሰማለን። የምታነሳው ሮዌና የምትባል የፊሊፒንስ ልጅ ናት።

«ሠላሳ አንድ ሺህ ነው፣ ጌታዬ።»

«እሱ ይቅርና እህቴ፣ መጨረሻው ስንት ነው?»

«ጌታዬ፣ ይሄ ባንክ ነው፤ ገበያ አይደለም።»

«ገበያ ካልሆነ ገንዘብ በትርፍ የሚሸጠው ማነው?»

በዘጠነኛው ቀን ወደ ሃያ ሺህ ወረደች። እሱ ከስምንት ሺህ ንቅንቅ አላለም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሮዌና «ትናንት ቲማቲም ስገዛ እንደ እርስዎ ስከራከር ራሴን አገኘሁት፤ ዐመሌን አበላሹት» አለችው። በማግስቱ በአሥራ ሁለት ሺህ ተስማሙ፤ በሳምንት ውስጥ፣ ባንዴ የሚከፈል። እሱም ስምምነቱ በማኅተም ካልመጣልኝ አንድ ሳንቲም አልልክም ብሎ አስላከ።

የሚስቱ አምባሮች ተሸጠው ሁለት ሦስተኛውን ሸፈኑ። ለቀሪው ፓያት ጠራ። ፓያት የእኛ ወግ ነው፤ የቸገረው ሰው ሻይና ሙዝ አቅርቦ ይጠራል፣ የተጠራው የአቅሙን ይሰጣል፣ መዝጋቢው ይጽፋል፤ ተራህ ሲደርስ ከጭማሪ ጋር ይመለስልሃል። ኢካ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ሲሰጥ ኖሮ ለራሱ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው።

ዘግይቼ ደረስኩ። ባለ ሻይ ቤቱ አማድ መዝጋቢ ሆኖ ቆጥሮ ጨርሷል፤ አሥር ሺህ ሩፒ ይጎድላል። ደስ ብሎኝ አሥር ሺሄን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ኢካ ገንዘቡን አየና እኔን አየኝ። «ይሄ በዛ። አምስት አድርገው።»

«ኢካ፣ የጎደለው እኮ አሥር ነው!»

«ጣራህ ያፈሳል፣ ዝናቡ ደጅ ደርሷል። አምስት።»

«ዘጠኝ» አልኩ፤ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም።

«ስድስት።»

«ስምንት፣ ከዚያ ወዲያ አልወርድም።»

«መጨረሻው ስንት ነው?»

በሰባት ተስማማን። ሰው ገንዘቤን ተቀበሉኝ ብሎ እየተከራከረ ሲያልበው ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ሰውየውም እኔው ነበርኩ። ሦስቱን ሺህ መለሰልኝ።

«የጎደለውስ?» አለ አማድ።

«እሱን ለእኔ ተወው።»

በማግስቱ የጎደለውን ሦስት ሺህ ሩፒ ወደ ድርሃም መንዝሮ ደወለ። «እህቴ፣ መቶ ሠላሳ ድርሃም መርቂልኝ።» ሮዌና ስልኩን ሳትዘጋ አለቃዋ ዘንድ ሄደች። ተመልሳ «አለቃዬ ‹ስጪውና ይሂድልን› ብሏል» አለች።

ክፍያው ሄደ፤ ክሱ ተነሳ የሚል ደብዳቤም መጣ። ቢሆንም ደብዳቤ ይዞ ስሙ ከአየር ማረፊያው ኮምፒውተር ሳይሰረዝ ቀርቶ የታሰረ ሰው እናውቃለን። እሱም ያውቃል፤ ደብዳቤውን በሦስት ቅጂ ይዞ ተሳፈረ። የዚያን ቀን እህል አልቀመስኩም።

ከሰዓት በኋላ ከማላውቀው የሻርጃ ቁጥር ተደወለ።

«ፓስፖርት ተመልካቹ ማኅተሙን መታልኝ» አለ ኢካ። «ቀና ብሎም አላየኝ። ወጥቻለሁ።»

ጭንቄ በድምፄ እንዳይታወቅብኝ ወሬ ፈለግሁ። «ከመቼው የስልክ ቁጥር አወጣህ?»

«እዚሁ በሩ ላይ ይሸጣሉ።»

«ስንት አሉህ?»

«ሃምሳ ድርሃም።»

«በስንት ወሰድከው?»

መኪኖች ሲያልፉ ይሰማኛል።

«በሃምሳ» አለ። «አንተ እየጠበቅህ ነበራ።»