የኦቦ ከድር ኩሬ ዕድሜ

አሰላ ትበርዳለች የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አልከራከርም። ምን ብዬ? ትበርዳለች። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ስመጣ ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር ያሰብኩት። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ጃኬት በጃኬት ደርቤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የእውነተኛውን ብርድ ነገር የተረዳሁት ግን ባለፈው ዓመት ነው። እሱም ጭቃ ውስጥ። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ላውጋችሁ።

አንዲት ዶክተር ከአዲስ አበባ መጣች። በሽተኛ አታክምም፤ የምትመረምረው የሐይቅ ጭቃ ነው። ስሟ ሰላማዊት ይባላል። የአርሲ ተራሮች ላይ የበረዶ ዘመን መቼ እንዳበቃ፣ አየሩ የተለወጠውስ በድንገት ይሁን ቀስ እያለ ማወቅ ትፈልጋለች። በረዶ? አርሲ ላይ? አዎ። የዛሬ ብዙ ሺህ ዓመት እነዚህ የምታዩዋቸው ተራሮች አናት ላይ በጋ ከክረምት የማይቀልጥ የበረዶ ግግር ተኝቶ ነበር።

ታዲያ አስተርጓሚ ስትፈልግ አንዱ ባልደረባዬ እኔን ጠቆማት። ኦሮምኛዬን የተማርኩት ገበያ ውስጥ ነው። ድንች ለመግዛት የሚያህለኝ የለም። ለሳይንስ ግን… ወደዚያው እየመጣሁ ነው።

ከጢቾ ከተማ በላይ መኪና እስኪያቅተው ሄድን። ከዚያ ዕቃውን በፈረስ ጭነን፣ የአስታውን ቁጥቋጦ አልፈን ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል የሚበቅልበት ደረስን። ኩሬዋ እዚያ ናት። ዳሯ ላይ ደግሞ ሽማግሌዎች ቆመው ይጠብቁናል። ከፊት የነበሩት ኦቦ ከድር ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የፈረሳቸውን ልጓም የያዙ። በበጋ የአካባቢው ከብት ሁሉ የሚጠጣው ከዚህችው ኩሬ ነው። ሌላ ውሃ ለማግኘት የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ሰላማዊት «ከኩሬው ወለል ትንሽ ጭቃ በቱቦ ልናወጣ ነው በሉልኝ» አለችኝ። እኔ በገበያ ኦሮምኛዬ «የኩሬውን ወለል አውጥተን ልንወስድ ነው» ብዬ አረፍኩት።

ኦቦ ከድር ቱቦውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ባርሲሳ» አሉ፤ መምህር ማለታቸው ነው። «ወለሉን ከወሰዳችሁት ውሃው ምን ላይ ይቀመጣል?»

ላርም ብዬ ስንተባተብ ጭራሽ አባባስኩት። ደግሞ ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚያው ተራራ ሥር አንዲት ምንጭ ነበረች፤ ሰዎች እናጎለብታለን ብለው ቆፍረው ነካኳት፣ በዓመቱ ደረቀች። ይህን ስነግራት ሰላማዊት ልታሳያቸው ያወጣችውን የፈቃድ ወረቀት ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ይህን ጊዜ ወደድኳት። «ልክ ናቸው» አለች። «ምን ብናደርግ ያምኑናል?»

ኦቦ ከድር አሰቡ። ከቤታቸው አጠገብ የራሳቸው ትንሽ ኩሬ አለቻቸው። «መጀመሪያ የእኔን ብሱ። ከፈሰሰ የእኔ ውሃ ፈሰሰ። ካልፈሰሰ የሁላችንን ትበሳላችሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሰላማዊት ትንሿ ኩሬ ውስጥ ቱቦውን ተክላ ጭቃ አወጣች። ኦቦ ከድር ዱላቸው ላይ በቢላ ምልክት አድርገው ውሃው ውስጥ ሰኩትና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኛም ተቀመጥን። አንድ ዱላ ስታዩ ውላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ውያለሁ። ከቀትር በኋላ ዝናብ ዘነበና ውሃው ከምልክቱ በላይ ወጣ። ሰላማዊት ፊቷ ተለዋወጠ፤ ሙከራው የተበላሸ መሰላት። ኦቦ ከድር ግን ዱላቸውን ነቅለው በጋቢያቸው ጠረጉና «እያፈሰሰ ቢሆን ኖሮ አይሞላም ነበር» አሉ። ፈቃዳቸው ያ ነበር።

ትልቋ ኩሬ ላይ በጎማ ጀልባ ገባን። የወጣውን ቱቦ ዳር ላይ ከፈትነው። ከላይ ጥቁር ጭቃ ነው፤ የበሰበሰ ሣርና ቅጠል፣ መሃል ላይ ቀጭን የእሳተ ገሞራ አመድ። ከታች ግራጫ ነው፤ የበረዶው ግግር ድንጋይ የፈጨበት ዱቄት። የላይኛው የቅርብ ጊዜ፣ የታችኛው የጥንት። ጥቁሩና ግራጫው የተገናኙበት መስመር የጣት ውፍረት እንኳ የለውም።

«ቀስ እያለ የመጣ ለውጥ ቢሆን እንዲህ አይሰመርም ነበር» አለች ሰላማዊት። ሣሩ ቤተ ሙከራ ገብቶ ዕድሜው ይለካል፤ አመዱም ሌላ ሐይቅ ውስጥ ከተገኘው ጋር ይመሳከራል።

ኦቦ ከድር መስመሩን ብዙ አዩት። «ልጅ ሳለሁ ከቤቴ በላይ ገብስ አይዘራም ነበር፤ ውርጭ ይፈጀዋል» አሉ። «አሁን ልጄ እዚያ ያርሳል። ጥሩ ገብስ ነው የሚያገኘው። ደስ ይለኛል፤ ግን ሁልጊዜ እገረማለሁ።» ሰላማዊት ማስታወሻዋን አውጥታ ይህንንም ጻፈችው።

ከወራት በኋላ ውጤቱ መጣ። በረዶው ከኩሬዋ አካባቢ የለቀቀው በብዙ ሺህ ከሚቆጠር ዓመት በፊት ነው፤ ጥቂት መቶ ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ። ለውጡ ራሱ ግን፣ ጭቃው ከሚከማችበት ፍጥነት ስትገምተው፣ አንድ ሰው በዕድሜው ሊያየው የሚችል ነበር። ይህን ልነግራቸው ወጣሁ። ኦቦ ከድር ኩሬዋ ዳር ከብት ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ኩሬዋ ሙሉ ናት።

አዳምጠው ሲያበቁ «በዚያ ሁሉ ሺህ ዓመት ውስጥ ጥቂት መቶ ብቻ ነው የተሳሳተችው?» አሉ። «እኔ መታወቂያ ሳወጣ ዕድሜዬን በግምት ነው የተናገርኩት። በወረቀቱ ከታናሽ ወንድሜ አንሳለሁ። እኔንም ትለካኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

እዚያው ሆኜ ደወልኩላት። እየሳቀች አስረዳችኝ፤ ሣርም ይሁን ሰው በሕይወት እስካለ አካሉ ውስጥ ያለው የካርቦን ሰዓት ይታደሳል፣ መቁጠር የሚጀምረው ሲሞት ነው አለች። እንዳለችው ነገርኳቸው።

«ከሞትኩ በኋላ?» አሉ ኦቦ ከድር።

«አዎ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጠረው።»

ከብቶቹን ጥቂት አዩና፣ «እንግዲያው እኔ አልቸኩልም በላት» አሉኝ።