ለሞተር የተሰጠ ምርቃት

ይህን ሳወራ ልሳሳት እችላለሁ። የፈራ ሰው ሰዓት አያያዝ አያውቅበትም፤ ሦስት ደቂቃውን አሥር፣ አሥሩን ግማሽ ቀን ያደርገዋል። በእርግጥ ሁሉንም ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር፤ ግን ደብተሩም ስለራሰ እሱም እንደኔው እርግጠኛ አይደለም።

የሰበታ ልጅ ስለ ጀልባ ሞተር ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ክረምት ባይኖር ምንም አያገባኝም ነበር። ክረምት ሲሆን ግን ከተፍኪ ወዲያ ያለው ሜዳ አዋሽ ሞልቶበት ባሕር ይሆናል፤ የሌንሴ ቤተሰቦች ቤት ደግሞ ከዚያ ባሕር ማዶ ነው። ሌንሴ ላገባት የምፈልጋት ልጅ ናት። አባቷ ሽማግሌዎቼን የሚቀበሉት እሁድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እንደሆነ ላኩብኝ። ውሃው እስኪጎድል ልጠብቅ እንዳልል፣ በሚቀጥለው እሁድ አንድ የቡራዩ ሰው ሽማግሌ ሊልክ ቀጠሮ ይዟል። እሱ ምን ቸገረው? እስከዚያ ውሃው ይጎድልለታል። ውሃ ሳይቀር ለሱ ሳያደላ አልቀረም።

ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ እንደማይሄድ አውቃለሁ፤ ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን መብላት ነው ያለበት። እኔ የሄድኩት ግን በሌላ ሥልጣን ነው፤ በሙቀት ተቆጣጣሪነት። ጀልባውን የሚነዳው ጓደኛዬ ደረጀ የአርባ ምንጭ ልጅ ነው፤ ሐይቅ ላይ አድጎ አሁን ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ሞተሯን ያመጣት ከአጎቱ ሲሆን በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። እንዳስረዳኝ ከሆነ ሞተሯ የምትቀዘቅዘው ከሥር ውሃ እየመጠጠች ነው፤ የመጠጠችውን ደግሞ በጎኗ ባለች ቀዳዳ በቀጭኑ ትተፋዋለች። «እሷን ውሃ ጠብቅልኝ፤ ካቆመች ሞተሯ ግላ ቀጥ ትላለች። እኔ መሪውን ይዤ ዞሬ ማየት አልችልም» አለኝ። ለአንድ ጠንቃቃ ሰው ከዚህ የበለጠ ሹመት አለ?

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ዋናው ኦቦ ቶሎሳ ከሞተሯ አጠገብ ተቀመጡ። ጋሽ መኮንን የሚባሉት ነጋዴ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው መሀል ላይ ሆኑ። ሦስተኛው አዛውንት ዋና ስለማያውቁ ከመነሻችን ጀምሮ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ በየአምስት ደቂቃው ጣቴን በምትተፋው ውሃ እየነከርኩ እጽፋለሁ። «ይፈሳል፤ ቀዝቃዛ።» «ይፈሳል፤ ለብ ያለ።» ጋሽ መኮንን ይህን ሲያዩ «አንተ ልጅ፣ ሚስት ልታገባ ነው ወይስ ቆጣሪ ልታነብ?» ብለው ሳቁብኝ።

ውሃው መሀል ስንደርስ «የቀጠነ ይመስላል፤ ወይም ዓይኔ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሰው ሳያረጋግጥ አይጮህም። መነጽሬን አውልቄ፣ ጠርጌ፣ መልሼ አደረግኩ። መነጽሬ ንጹህ ነበር፤ የሚታይ ውሃ ግን አልነበረም።

«ደረጀ፣ ውሃዋ ቆሟል... ሳይሆን አይቀርም» አልኩ። ደረጀ ዓይኑ ፈጠጠ። በአገሩ የሞተር ሙቀት የሚለካው በምራቅ ነው አሉ፤ እንትፍ ትልባትና ጢስስ ካለች ግላለች ማለት ነው። «ቶሎ እንትፍ በልባት!» አለኝ። ሞከርኩ። አፌ ደርቆ ከምላሴ ላይ አንድ ጠብታ እንኳ ጠፋ። ይሄኔ ደረጀ ወደ ኦቦ ቶሎሳ ዞሮ «አባባ፣ እባክዎ እርስዎ እንትፍ ይበሉባት» አላቸው።

እንግዲህ እኛ አገር ሽማግሌን እንትፍ በሉ ብሎ መለመን ምን ማለት ነው? ኦቦ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «መጀመሪያ አጥፋት፤ ሞተር እየጮኸ ምርቃት የለም» አሉ። ደረጀ አጠፋት። ጀልባዋ በቀስታ መንሳፈፍ ጀመረች፤ ሰዓቱ ሦስት ተኩል አልፏል። ምራቅ ነው የተጠየቁት ብሎ የሚያስረዳቸው ደፋር ግን ጠፋ።

መዳፋቸውን በሞተሯ ክዳን ላይ ዘርግተው ጀመሩ። ዕድሜሽ ይርዘም፤ አሜን። መንገድሽ ይቅና፤ አሜን። ውሃሽ አይንጠፍ፤ አሜን። «ሆሪ ቡሊ!» አሉ በኦሮምኛ፤ ርቢ፣ ኑሪ ማለታቸው ነው። ይህች ሞተር ብትረባ ደረጀ ልጆቿን ምን ሊያደርጋቸው ነው? ያበቁ ሲመስለኝ ክዳኑን ዳሰስ ያደርጉና ከአዲስ ይጀምራሉ። ለልጆቿ መረቁ፤ ለጎረቤቶቿ መረቁ። ጋሽ መኮንን አላስችል ብሏቸው «ኧረ ኦቦ፣ ለሙሽራይቱም ይተርፍ!» ቢሉ «ለሷም አለ፤ አንተ አሜን በል» ተባሉ። ሌንሴን ለቡራዩው ሰው በአሜን እያስረከብኳት እንደሆነ ተሰማኝ።

በመጨረሻ አንዴ ዳሰሱና እንትፍ አሉባት። ጢስስ አላለችም። «በል አስነሳት» አሉ። ደረጀ ገመዱን ሳበ፤ ሞተሯ ተነሳች፤ ከጎኗም ያቺ ቀጭን ውሃ ቱር ብላ ወጣች። ደረጀ «ሃሌ ሉያ!» ሲል ዓይናቸውን የጨፈኑት አዛውንት የደረስን መስሏቸው ገለጡና መልሰው ጨፈኑ።

አሥራ ሁለት ደቂቃ አረፈድን። የሌንሴ አባት ግን በዚያ ውሃ ላይ የመጣን ሽማግሌ ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው ብለው ልጃቸውን ፈቀዱልኝ። እኔ የጀልባዋ ወለል ላይ ተኝቼ ስለነበር አላዩኝም።

ምርቃቱ ተፍኪ ድረስ ተወራ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝምና ደረጀን ጠየቅኩት። ሣር መምጠጫዋን ደፍኖት ሊሆን ይችላል፤ ሞተሯ ስትጠፋ መምጠጥ ስለምታቆም ሣሩ ይላቀቃል፤ ከዚያ እስክትበርድ መጠበቅ ነው አለኝ። ታዲያ ያዳነን ምርቃቱ ነው ማጥፋቱ?

ከሠርጋችን በኋላ ላመሰግን ኦቦ ቶሎሳ ቤት ሄድኩ። እሳቸው አልነበሩም፤ ያን ረጅም ምርቃት ለባለቤታቸው ተረክኩላቸው። ሴትዮዋ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ቶሎሳ? እሱ ለገዛ ልጁ ሠርግ እንኳ ‹ተባረኩ› ብሎ ነው የተቀመጠው!» አሉኝ። ኦቦ ቶሎሳ ከማርጀታቸው በፊት ምን ይሠሩ እንደነበርም ያን ዕለት አረጋገጥኩ፤ አንድ የአትክልት እርሻ ላይ የውሃ መሳቢያ ሞተር ጠባቂ ነበሩ።