አራት ጣት በአንድ ካሜራ

ቅዳሜ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ በአንድ የፊልም ማሠልጠኛ ሁለተኛ ፎቅ፣ ወንበር በማይበቃው ክፍል ውስጥ፣ የሲኒማ ጥበብ ከአንድ ሰው አምባገነንነት ነጻ ወጣች። ነጻ ያወጧት አራት ሰዎች ናቸው። ዓለም እስካሁን ባያመሰግናቸውም እኛ እናመሰግናቸዋለን።

የማሠልጠኛው መምህር አንድ ፊልም ሠርተው ብዙ የተናገሩለት፣ ማንም ግን ያላየላቸው ሰው ነበሩ። ሠልጣኞቹን በአራት በአራት መድበው፣ «የሦስት ደቂቃ ፊልም ሠርታችሁ አምጡ። ፊልም የቡድን ሥራ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» አሉና ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ሻዩ ሁለት ወር ያህል ፈጀባቸው።

በሦስተኛው ቡድን አንድ ጠበቃ፣ አንዲት ፋርማሲስት፣ ጡንቾ የሚባል የስፖርት ቤት አሠልጣኝና ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት ተመደቡ። ስሟን ሊይዝ የሞከረ ስላልነበረ ሁሉም «ፎቶ ኮፒዋ» ይሏታል። ሦስቱ የመጡት ለጥበብ ነው። እሷ የመጣችው ለአባቷ ነው።

አባቷ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ብስክሌት ሲጠግኑ አርባ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ሳንባቸው ታሞ ሐኪሙ «ሦስት ወር» ብሏል። እናቷ ቀደም ብላ ስትሞት የቀረላት የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ማኅተሙ አፏ ላይ አርፎበታል። እናቷ ስትስቅ ምን ትመስል እንደነበር ለማወቅ ማኅተሙን መፋቅ ይኖርባታል። ስለዚህ ልጅቷ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ አባቷ ከነእጃቸው ከነድምፃቸው እንዲቀሩላት። የራሷ ስልክ ከመደወልና ከባትሪ መብራት ሌላ ሞያ የለውም፤ ማሠልጠኛው ግን ካሜራ ያውሳል። ሥልጠናውም ሦስት ወር እንደሚፈጅ ስትነግራቸው አባትየው ሳቁ።

«እንግዲያው እኩል ጀመርን። ማን ቀድሞ እንደሚመረቅ እናያለን።»

ቡድኑ በብስክሌት ጠጋኙ ላይ ፊልም ለመሥራት በሙሉ ድምፅ ተስማማ። ያልተስማማው በአንዲት ትንሽ ነገር ነው፤ ዳይሬክተሩ ማን ይሁን በሚለው።

«እኔ እሆናለሁ» አለ ጡንቾ። «በቀን ስድሳ ሰው ነው የማዝዘው፤ አንዱም ተከራክሮኝ አያውቅም።»

«ትንፋሽ ሲያጥረው በምኑ ይከራከርሃል?» አለች ፋርማሲስቷ። «ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አወሳሰዱን የሚያውቀው የቀመመው ነው።»

«ወገኖቼ!» አለ ጠበቃው እጁን ዘርግቶ። «ለምን እንጣላለን? ሁላችንም እንሁን።»

እነሆ ጥበብ ነጻ የወጣችው በዚህች ቃል ነው። ሁለት ሳምንት አለፈና ጠበቃው ዘጠኝ አንቀጽ ያለው የጋራ ዳይሬክተርነት ደንብ ይዞ መጣ። ፎቶ ኮፒዋም ደንቡ በተሻሻለ ቁጥር እያባዛች አስተዋጽኦ አደረገች። አንቀጽ አራት ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነው፦ «ካሜራውን የሚመለከት ማናቸውም ተግባር፣ ማስጀመርም ሆነ ማቆም፣ እንዲሁም የተቀረጸን ማጥፋት፣ አራቱም ዳይሬክተሮች በየተራ ቁልፉን ካልተጫኑ በቀር አይፈጸምም።» አንቀጽ ሰባት ደግሞ፣ ያለጊዜው የሚሰነዘር ትችት ጥበብን እንዳያጨናግፍ፣ የተቀረጸውን ከመምህሩ ፊት በስተቀር ማየትን ይከለክላል።

ካሜራ ነክቶ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር እናስረዳ። የመቅረጫው ቁልፍ አንድ ነው። አንዴ ሲጫኑት ይጀምራል፤ ሲደግሙት ያቆማል፤ ሲሠልሱት ይጀምራል፤ አራተኛውን አንባቢ ራሱ ይሙላው።

ቀረጻው ተጀመረ። አባትየው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው በተገለበጠ ብስክሌት ፊት ተቀመጡ።

«አባባ፣ ዝግጁ ነዎት?» አለ ጡንቾ።

«እኔማ አርባ ዓመቴ። እናንተስ?»

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገና ቁልፉን ተጫነ። ካሜራው ላይ ቀይ መብራት በራ። ቀጥሎ ፋርማሲስቷና ጡንቾ ናቸው፤ ደንቡ ግን ከሁለቱ ማን እንደሚቀድም አይልም።

«ቅደሚ እንጂ።»

«ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅደም።»

«ሴት ቆማ እኔ ልቅደም?»

«ሴት ስለሆንኩ ከሆነ አልቀድምም። በችሎታዬ ከሆነ እሺ።»

ይህ መከባበር ሲረዝም አባትየው ሰለቻቸው። አንድ የጎማ ካላማዳሪ አንስተው ነፉና ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። «አገኘሁት» አሉ ለራሳቸው። «የሚተነፍሰው በግራ በኩል ነው። እንደ እኔው።»

ፋርማሲስቷ በችሎታዋ ተጫነች፤ ቀዩ ጠፋ። ጡንቾ ተጫነ፤ በራ። ፎቶ ኮፒዋ ማይኩን አስቀምጣ ከአባቷ አጠገብ ተነሣች።

«ቀስ፣ ገመዱ እንዳይጠልፍሽ። ቁርስ በልተሻል?»

«በልቻለሁ አባባ። ዝም ይበሉ፣ ሊጀመር ነው።»

«ውሸታም! ትናንትም በልቻለሁ ብለሽ ሆድሽ ነው የመሰከረብሽ።»

እሷም ተጫነች። ቀዩ ጠፋ።

«ቀዩ ጠፋ'ኮ» አለች።

«ታዲያስ?» አለ ጡንቾ። «ቀይ ማለት ቁም ማለት አይደል? ከጠፋ እለፍ ነው።»

ጠበቃው የትራፊክ ደንቡን ከነአንቀጹ ጠቅሶ ደገፈው። ፎቶ ኮፒዋም የምታውቀው ማሽን ወረቀት ሲነክስ ቀይ የሚያበራ ስለሆነ አመነች።

«አክሽን!»

አባትየውም በተኛ ካሜራ ፊት የፋርማሲስቷን ጽሑፍ አነበነቡ። «ሕይወት እንደ ጎማ ናት። ትዞራለች፣ ትቀደዳለች፣ ትጠገናለች።»

«ትንሽ ሐዘን ይጨመርበት» አለች ፋርማሲስቷ። «በዝግታ፣ ሁለት ጊዜ፣ ውሃ ሳይጠጡ።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ይህን የሰማ ደንበኛ ብስክሌቱን ይዞ ይሮጣል።»

ቢሆንም ደገሙላት። ለማቆምም አራቱም በየተራ ተጫኑ፤ እንደገና በራ፣ ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ። በዚህ ሁኔታ ስድስት ቅዳሜ አለፈ። በአራተኛው ቅዳሜ አባትየው መዶሻ ማንሳት አቃታቸው፤ በአምስተኛው ጎማውን የሚነፋላቸው ጡንቾ ሆነ። መከባበሩ ግን ከሳምንት ሳምንት እየበሰለ ሄደ። ጠበቃው ከመጫኑ በፊት አጠር ያለ ንግግር ማድረግ ጀመረ፤ ሌሎቹም ከርሱ ማነስ ነውር ነው ብለው የየራሳቸውን ንግግር አዘጋጁ። ከሥራው ይልቅ ቁልፍ መጫኑ ይረዝም ጀመር።

በሰባተኛው ሳምንት አባትየው ቀድመው ተመረቁ።

ቡድኑ ለቅሶ ለመድረስ አልዘገየም። ጠበቃው ቆሞ፣ «አባታችን ቢያልፉም ድምፃቸው ከእኛ ጋር ነው» ሲል አስለቀሰ። እውነቱን ነበር፤ እውነት መናገሩን ግን አላወቀም።

በዘጠነኛው ቀን አራቱ ከመምህሩ ጋር ኮምፒውተር ፊት ተሰበሰቡ። መምህሩ የካሜራውን ካርድ ከተቱ። ስለ ሕይወትና ስለ ጎማ የተባለ አንዲት ቃል የለችም። ያለው «ቅደሚ»፣ «በሞቴ»፣ «እኔም በበኩሌ» ብቻ ነው፤ ከዚያ ጀርባ አባትየው። ካላማዳሪ ያዳምጣሉ። ይስላሉ፤ ስለው ሲያበቁም ብስክሌቱን ይቅርታ ይጠይቃሉ። የጠፋ ብሎን ሲፈልጉ ቆይተው ከገዛ ከንፈራቸው መሀል ያገኙትና ማንም እንዳላየ ሆነው ይሠራሉ። አንዴ ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው፣ «እነዚህ ሰዎች ሽንት ቤትም የሚሄዱት በድምፅ ብልጫ ነው?» ይላሉ፤ ከዚያ በራሳቸው ቀልድ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ይስቃሉ።

ፎቶ ኮፒዋ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ሌሎቹ ከስክሪኑ ሸሹ።

«ይህ ቀረጻ አይደለም» አለ ጠበቃው ፊቱ ጠቁሮ። «በእኛ ላይ የቀረበ ማስረጃ ነው። ይጥፋ።»

«ይጥፋ» አለች ፋርማሲስቷ። «ድምፄም እንዲህ አይደለም።»

«ይጥፋ» አለ ጡንቾ።

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። «ሦስት ለአንድ። አልቋል በቃ።»

«አላለቀም» አለች ፎቶ ኮፒዋ። ደንቡን ደጋግማ ስላባዛችው በቃሏ ትወጣዋለች። «አንቀጽ አራት። ለማጥፋትም አራት ጣት ያስፈልጋል። የኔ ጣት ይኸው እዚህ ነው» ብላ እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች።

«እቴ፣ አትቀልጂ» አለ ጡንቾ።

«ስቀልድ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

ጠበቃው ብዙ አሰበ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የጻፈው ደንብ እንዲህ የጠና መሆኑን እሱም አያውቅም ነበር። «ሕጉ ከእሷ ጋር ነው» አለ በመጨረሻ፣ በኀዘንም በኩራትም።

በሽምግልና ተጨረሰ። እሷ ካርዱን ይዛ ከዳይሬክተርነት ትወርዳለች፤ ሦስቱ ፊልሙን እንደገና ይሠራሉ። አባት ሆኖ የሚተውነው ጡንቾ ሆነ፤ ፀጉሩን ዱቄት ነሰነሱበት፣ ክንዱን የሚደብቅ ካፖርት ፈለጉለት። ዳይሬክተሮቹ ሦስት ስለቀሩ ካሜራው ያለ ምንም እንከን ቀረጸ። ቡድኑ ይህ የልምድ ፍሬ ነው አለ።

በምረቃው ቀን ፊልሙ የምርጥ ኅብረት ሥራ ሽልማት አገኘ። ጡንቾ ስክሪኑ ላይ ሁለት ጊዜ፣ በዝግታ፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ ሕይወት እንደ ጎማ ናት ሲል አዳራሹ ተላቀሰ። ፋርማሲስቷ ከፊት ወንበር ዞር ብላ የፎቶ ኮፒዋን ጉልበት ያዘች።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ። እውነቱን ልንገርሽ አይደል? ከሳቸው ከራሳቸው ይልቅ እሱ እሳቸውን ይመስላል።»

ጡንቾ ከዚያ ወዲህ ተፈላጊ ሆኗል። በሦስት ፊልሞች ላይ አባት ሆኖ ሞቷል፤ በአንደኛው ሁለት ጊዜ፣ የመጀመሪያው ሞት ሳይቀረጽ ስለቀረ። የፎቶ ኮፒዋ አባት ግን የሞቱት አንድ ጊዜ ነው፤ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ። በዚያ ሰዓት ልጃቸው ማሠልጠኛው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በፊልሙ መጨረሻ የማን ስም ቀድሞ እንደሚጻፍ ለመወሰን በተጠራ ስብሰባ ላይ ነበረች። ስብሰባው ሳይወስን ተበተነ።