አሥራ አንድ መለዋወጫ

ሐሙስ ታኅሣሥ 4 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ በኃይሉ በዘጠኝ ሰው ፊት ሰድበውኛል። ቃሉ ይህ ነው፦ «ኢዘዲን፣ አንተ ምስማርህን ቁጠር። ሙዚቃውን ለተማረ ተወው።» ዘጠኙም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ደመወዝተኛ ነኝ። ዕቃ ግምጃ ቤቴ ስመለስ ግን ቀኑንና ሰዓቱን በወጪ ቅጽ ጀርባ ጻፍሁት። ከዚያ በፊት የሰደቡኝን የያዝሁበት ደብተር ሞልቶ ነበር።

ሆኖም ሰው ቂም ይዞ የአለቃውን ጥበብ መደበቅ የለበትምና፣ የሆነውን ሁሉ በአክብሮት እመሰክራለሁ።

ክልላችን አዲስ ነበር። ማኅተሙ ገና ቀለም አልጠገበም። አሶሳ ውስጥ ግማሹ መሥሪያ ቤት ወንበር ሲጠብቅ፣ ግማሹ ወንበር መሥሪያ ቤት ይጠብቅ ነበር። በዚህ ጭንቅ ጊዜ ነው፣ ክልል ያለ ነጠላ ዜማ ሊቆም እንደማይችል ለአቶ በኃይሉ የተገለጠላቸው።

«መንገዱ ይቆየናል፣ ውኃውም ይቆየናል» አሉ። «ወጣቱ የሚጨፍርበት ዘመናዊ ዘፈን ግን ነገ አይባልም። ክሊፕም ይኖረዋል።»

ወዲያው የነጠላ ዜማና የምስል ቅንብር ጊዜያዊ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከዘጠኙ አባላት ሙዚቃ የሚያውቅ አንድም አልነበረም፤ አድልዎ እንዳይኖር ነው። ዘፋኟ ቤዚ ከኦርጋን ተጫዋቿ ጋር ከአዲስ አበባ መጣች። ግጥሙን አቶ በኃይሉ ራሳቸው ደረሱት፦

አሶሳ አሶሳ፣ ልቤ ተነሣሣ፤
ዕቅዴ ነሽ ሆዴ፣ በጀትሽ አይሳሳ።

የቀረው ባህል ነበር። ባህል ደግሞ በባምባሲ መንገድ፣ እኔ በተወለድሁባት መንደር አለ። እዚያ አሥራ ሁለት የቅል መለከቶች አሉ። እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ እያንዳንዱም የራሱ ሰው አለው። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል፣ ከዚያኛው ደግሞ ሌላው፤ ዘፈኑ የሚመጣው እንዲህ ነው። አባቴ ሰባተኛውን ይነፋ ነበር። አባቴን ባመመው ቀን መንደሩ አይጨፍርም ነበር። ማሽላው ሲገባም መለከቶቹ ሳይነፉ ጎተራ የሚከፍት የለም።

ችግሩ ነፊዎቹን ወደ አሶሳ የምታመጣው መኪና ናት። ሾፌሩ ደባልቄ ቦታውን ቆጠረ፦ ጋቢና አቶ በኃይሉ፤ ከኋላ ቤዚ፣ ኦርጋኑ፣ ኦርጋን ተጫዋቹ፣ ካሜራ ያዡና የቤዚ ልብስ። የተረፈው የአንድ ሰው ቦታ ነው። ኮሚቴውም ከአሥራ ሁለቱ የላቀው አንድ ሰው በውድድር ይመረጥ ብሎ ወሰነ። እኔ እጄን አውጥቼ «ጌታዬ፣ እነሱ አሥራ ሁለት ዘፋኝ አይደሉም፤ አሥራ ሁለቱ አንድ ዘፈን ናቸው» ያልሁት ያን ጊዜ ነው። መልሱን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ውድድሩ ፍትሐዊ ነበር። አሥራ ሁለቱ መንደሩ መሀል ተሰልፈው በየተራ ነፉ፤ በየተራም ነጥብ ተሰጣቸው። ትልቁን መለከት የያዙት ሼህ ማህጁብ አንድ ጊዜ «ቡ» ቢያደርጉ ዶሮዎች ተበተኑ። አንደኛ ወጡ።

«ቀጥሉ እንጂ፣ ሼህ» አሉ አቶ በኃይሉ።

«አለቀ።»

«ዜማውን ማለቴ ነው።»

«የኔ ይሄ ነው። ይሄ የዘፈኑ እግር ነው። ራሱ እዚያ ቆሟል» አሉና ሼህ ማህጁብ በመስመሩ ጫፍ ያለውን አጭሩን ሰው በአገጫቸው አሳዩ።

አቶ በኃይሉ ወደ ቤዚና ወደ ካሜራ ያዡ ዞረው «ትሕትናቸውን አያችሁ?» አሉ። ከዚያ አርቆ አሳቢነታቸው ታየ፦ «ሰው አንድ ይበቃል። መለከቶቹ ግን ሁሉም መኪናው ላይ ይታሰሩ። የአንዱ ቢሰነጠቅ የቀሩት መለዋወጫ ይሆናሉ።»

«መለከቱ ሁሉ ማሽላ ሳይገባ ይመለሳል?» ሲሉ ጠየቁ ሼህ ማህጁብ።

«በእኔ ይሁንባችሁ።»

እኔም ከመለከቶቹ ጋር ጣራው ላይ ተቀምጬ አሶሳ ስንደርስ አሥራ አንዱን ተረክቤ በመዝገብ አሰፈርሁ፦ «የሙዚቃ መሣሪያ መለዋወጫ፣ ብዛት 11።» አቶ በኃይሉ ፈረሙበት። የንብረት መመሪያውንም የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ጄኔሬተር በተበላሸ ቁጥር ለፊርማ ከምሳ እንዳይጠሩ፣ መለዋወጫ ያለ ኃላፊ ፊርማ ይውጣ ይላል።

ቀረጻው ማንጎ ዛፎች ሥር ተካሄደ። ቤዚ በጠባብ ሱሪ ስትውረገረግ ሼህ ማህጁብ ከኋላዋ «ቡ» ይላሉ።

«ሌላ ድምፅ የለም?» አለች ቤዚ።

«አለ። መንደር ነው ያለው።»

ሌላ መለከት ቢሰጧቸው እምቢ አሉ። «ይሄ የወንድሜ ነው። የሰው አፍ በሰው መለከት አይገባም።» ካሜራ ያዡ ብልህ ሰው ነበርና ያቺኑ «ቡ» ከሠላሳ ሁለት አቅጣጫ ቀረጻት።

ማሽላው ደረሰ፤ ታጨደ፣ ተወቃ፣ አውድማው ላይ ተከምሮ ቀረ። ሼህ ማህጁብ መለከቶቹን ሊወስዱ ከመንደር ሦስት ጊዜ በእግራቸው መጡ። በመጀመሪያው «ምርቃቱ ይለፍ» ተባሉ። በሁለተኛው ስብሰባ ነበር። በሦስተኛው አቶ በኃይሉ ወንበር ስበው አስቀመጧቸውና «ሼህ፣ ደስ ይበላችሁ። መለከቶቹ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ለዘለዓለም ይሰቀላሉ» አሏቸው።

ሼህ ማህጁብ ግድግዳውን አዩ። «ግድግዳው ማሽላ አለው?»

«ታሪክ ይኖረዋል።»

«ምስጥ አውድማ ገብቷል፣ ጌታው። ልጆች የሚበሉት ማሽላውን ነው።»

«ታዲያ ማን ጎተራ አትክፈቱ አላችሁ?»

ሽማግሌው መልስ ፍለጋ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ለመስቀያው የታዘዝሁትን ምስማር እቆጥር ነበር።

ቅዳሜ ጥር 18 ቀን ከሰዓት በኋላ ነጠላ ዜማው ተመረቀ። የአዳራሹ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተጋረዱ፤ አንዲቱ ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ወጣች። ሼህ ማህጁብ ትልቁን መለከት ይዘው መድረክ ላይ እንዲቀመጡ ታዘዘ፤ ለባህል። የመንደሩ ሰዎችም፣ አሥራ አንዱን ነፊዎች ጨምሮ፣ እንዲያጨበጭቡ ተጠርተው ከኋላ ቆሙ።

ካሴቱ ገባ። ቤዚ ተውረገረገች። «ቡ።» ዝም። «በጀትሽ አይሳሳ።» «ቡ።» ዝም። ሕዝቡ እንደ ዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት በጸጥታ አዳመጠ። ከአጠገቤ ያለችው ሰዕዲያ፣ የአባቴን መለከት የወረሰው ሰው ሚስት፣ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«የቀሩት ድምፆች ምን ሆኑ? ታመሙ?»

«ግምጃ ቤት ናቸው።»

«ልክ እንደ ለቅሶ ነው» አለች።

በአምስተኛው «ቡ» ላይ ባሏ አልቻለም። ተራውን በአፉ አሰማ። ቀጥሎ ያለው ተቀበለው፣ ከዚያም ሌላው፤ አጭሩ ሰውዬ ከላይ ዘጋው። ሼህ ማህጁብ መድረክ ላይ መለከታቸውን አንሥተው እግሩን ሰጡት። አዳራሹ ተነሣ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ፀሐፊዎቹ ጨፈሩ፣ ደባልቄ እስክስታ ወረደ፣ ቤዚ ጫማዋን አውልቃ ሴቶቹ መሀል ገባች። በዚህ መካከል ጄኔሬተሩ ቆሞ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ከኮሚቴው አባላት ያስተዋለ አንድም አልነበረም።

ጭፈራው ሲበርድ አቶ በኃይሉ ላባቸውን እየጠረጉ መድረክ ወጡ። «ይህ ነጠላ ዜማችን በሕዝብ ዘንድ ያገኘው ተቀባይነት» ብለው ጀመሩ። የእውቅና ወረቀቱ ቀድሞ ተጽፎ ስለነበር ስማቸውን ለመሙላት ጊዜ አልባከነም።

ንግግሩ ረጅም ነበር። እኔ ወጥቼ ግምጃ ቤቱን ከፈትሁ። አሥራ አንዱ አንድ በአንድ ተከተሉኝ፤ መለከታቸውንም ተቀበሉ። ሼህ ማህጁብም ለሽንት ብለው ወጥተው አልተመለሱም። ቅጹን በመመሪያው መሠረት ሞላሁ፦ «የተበላሸው ዕቃ፦ ዘፈን። የብልሽቱ ዓይነት፦ ሰው ጎድሎታል። ለጥገና የወጣ መለዋወጫ፦ 11።»

ጭብጨባው ሲያልቅ አቶ በኃይሉ ወረቀታቸውን በብብታቸው ይዘው በረንዳው ላይ አገኙኝ። ዛሬም ሰው ከቧቸዋል።

«ኢዘዲን፣ አየህ? አንተ አሥራ ሁለት ስትል፣ እኔ አንድ ይበቃል አላልሁም? አሁን ምን ትላለህ?»

ያን ጊዜ በባምባሲ መንገድ በኩል መለከቶቹ ተነሡ፤ ከእግሩ እስከ ራሱ ምንም ያልጎደለው ዘፈን። አቶ በኃይሉ ጆሯቸውን አቀኑ፤ ፊታቸው በራ።

«ሰማችሁ? ዘፈናችን ባምባሲ ደርሷል» አሉ። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ግን የቤዚን ድምፅ ቢያጡ ፈገግታቸው ቀነሰ። «ኢዘዲን፣ ቴፑን ማን ነው የከፈተው?»

የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ኪሴ ከትቼ ምስማሬን ልቆጥር ሄድሁ።