የኡስታ ሸውቂ ቢጫ መስመር

ዩኒቨርሲቲን የሚመራው ፕሬዚዳንቱ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሞኝታችኋል። ዩኒቨርሲቲን የሚመራው የዎርክሾፑን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ የከተተው ሰውዬ ነው። የትም ብትማሩ ታውቁታላችሁ፦ ጋዋኑ ላይ ማስቲሽ የደረቀበት፣ ለሰላምታችሁ መልስ ከመስጠቱ በፊት ጫማችሁን የሚመረምር።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ በአንድ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት፣ እኚህ ክቡር ሰው ኡስታ ሸውቂ ይባላሉ። «ኡስታ» አገሩ ለእጅ ባለሙያ የሚሰጠው ማዕረግ ነው። ተማሪዎቹ ደግሞ ከጀርባቸው ሌላ ሹመት ጨምረውላቸዋል፤ የቢጫው መስመር ጠቅላይ ገዥ።

መስመሩ የተሰመረው በሮቦቱ ክንድ ዙሪያ ነው። ክንዱ ፋብሪካ ውስጥ መኪና ሲበይድ ኖሮ፣ አርጅቶ ወደ ትምህርት ቤቱ የመጣ ግዙፍ ብረት ነው። ተማሪ የነደፈውን ሁሉ ይቀርጻል፣ ይበሳል፣ ይቆርጣል። መስመሩን በጫማው ጫፍ የነካ ግን ወየውለት!

«ወዲያ! ከመስመሩ ወዲያ! እናትሽ ከነሙሉ አካልሽ ነው የላከችሽ፣ ከነሙሉ አካልሽ ነው የምመልስላት!»

አንድ ጊዜ ሊጎበኝ የመጣ ትልቅ ባለሥልጣንን ገፍተው ገፍተው በር ላይ ስላደረሱት፣ ንግግሩን እዚያው ቆሞ አድርጎ ሄዷል።

ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው፣ በኬብል የተያያዘ የእጅ መቆጣጠሪያ ከጀርባው በጣት የሚጫን አንድ ቁልፍ አለው። ቁልፉን ከለቀቁት ክንዱ ይቆማል፤ ደንግጠው ከጨመቁትም ይቆማል። የሚሄደው ቁልፉ መሃል ላይ ሲያዝ ብቻ ነው። «አትልቀቂ፣ አትጭመቂ» ይላሉ ኡስታ። ክንዱ ከቆመ ደግሞ ፍርዳቸው ይግባኝ የለውም፦ «ማሽኑ ምንም አልሆነም። እጅሽ ነው!»

ሻሂናዝ ይህን ፍርድ አምስት ዓመት ተማሪ ሆና፣ ሦስት ዓመት ረዳት መምህርት ሆና ሰምታዋለች። አንዴ የሰፈሩ መብራት በሙሉ ጠፍቶ ክንዱ ሲቆም እንኳ፣ ጨለማው ውስጥ ሆነው «እጅሽ ነው!» ብለዋታል።

ዘንድሮ እሷና ተማሪዎቿ ለግቢው ከዘንባባ ዘንግ የፀሐይ ጥላ መሥራት ጀመሩ። ዘንግ ሁሉ የየራሱ ጉብጠት ስላለው፣ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ቦታ ለክንዱ በመቆጣጠሪያው እየመሩ ማሳየት ያስፈልግ ነበር። ይህን የሚያደርጉት ኡስታ ናቸው። አንድ ቀን ክንዱ በየደቂቃው ይቆም ጀመር። ሄድ ይልና ቀጥ። ሻሂናዝ እጃቸውን አየች። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር።

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ኡስታ ቤቴ የሚሉት ይህንኑ ዎርክሾፕ ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ከሰማ ደግሞ መቆጣጠሪያውን በዚያው ቀን ይነጥቃቸዋል።

«ኬብሉ ነው፣ ኡስታ» አለች።

ቀና ብለው አዩዋት። «ይሆናል» አሉ።

ኬብሉ ተቀየረ። በሳምንቱ እንደገና ተቀየረ። በማንም ላይ ከመሳቅ የማይመለሱት እነዚያ ተማሪዎች እንኳ «ኧረ ይሄ ኬብል ምን ነካው!» እያሉ ተባበሩ። ኃላፊው ክንዱ ለምን እንደሚቆም በጽሑፍ ሲጠይቅም ሻሂናዝ «ኬብል» ብላ መለሰች። ማታ ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች።

አሥራ ሁለት ዘንግ ሲቀር፣ አንድ ጠዋት ኡስታ መቆጣጠሪያውን ዘረጉላት።

«እንኪ፣ ያዢው።»

«እኔ?»

«ሌላ ሻሂናዝ አለች እንዴ እዚህ?»

ከዚያ የጋዋናቸውን ቁልፎች ቀስ ብለው ፈቱና ጋዋኑን ወንበር ላይ አኖሩት። ማንም «ወዲያ!» ሳይላቸው፣ በራሳቸው እግር ቢጫውን መስመር ተሻግረው ከተማሪዎቹ ጋር ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«አትልቀቂ፣ አትጭመቂ» አሉ ከዚያው።

ሻሂናዝ ቁልፉን መሃል ላይ ያዘች። ክንዱ ስንዝር ያህል ሄደ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ዘንጉ አልታይ አላት፤ ጣቶቿ ተንቀጠቀጡ፤ ክንዱ ቆመ። ስምንት ዓመት የለመደችውን ፍርድ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች።

«ኬብሉ ነው፣ ልጄ» አሉ ኡስታ ሸውቂ።