ሽማግሌዋ ልጄ

ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ምክር ልስጣችሁ? ልጃችሁ አማርኛ እንዲናገር ብላችሁ አትሳሉ። እኔ ተስዬ ደረሰልኝ፤ አሁን መልሱልኝ ብል ማን ይሰማኛል?

ልጄ ሶስና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የምንኖረው በሰው አገር፣ ብሌንደን ታውንሺፕ የሚባል ሰፈር፣ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ከላያችን ሶማሌዎች፣ ከታቻችን ኔፓሎች፣ ፊት ለፊታችን ሜክሲኮዎች። ሶስና ደረጃውን ስትወርድ ሁሉንም በየቋንቋቸው ሰላም ትላለች። እኔን ግን "ሃይ ዳድ"። አንድ ቀን በሽቄ፣ "በዚህ ቤት የሚወራው አማርኛ ነው!" ብዬ ጮህኩባት። "አይ ኖው ሁ አይ አም፣ ዳድ" ብላኝ በሯን ዘጋች። እኔ ነኝ እንግዲህ ማን እንደሆነች ግራ የገባኝ።

ከዚያ ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ሶስና በየቀኑ ምግብ እንድታደርስላቸው አደረግሁ። ሳህኑን በራቸው ላይ አስቀምጣ፣ ራቅ ብላ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። እሳቸው ከበሩ ሆነው ያወሯታል። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ አማርኛም ካልጮኹባቸው አይሰሙም። እሷም እየጮኸች ለመደች።

እንዴት ለመደች መሰላችሁ! ችግሩ፣ የለመደችው የሰባ ዓመት ሰው አማርኛ ነው። ከመናገሯ በፊት ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ከወንበር ስትነሳ "እህህ፣ አንተ የድንግል ልጅ" ትላለች። ከሥራ ስገባ፣ "ደከመህ አይደል ልጄ? በል አረፍ በል" ትለኛለች። እናቷ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ደንግጬ አረፍ አልኩ።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ሰሎሞን ሊያገባ ፈልጎ፣ እኔም ያለሁበት ሽማግሌ ልከን ነበር። የልጅቷ አባት እዚሁ አጠገባችን፣ ደብሊን የሚባል ሰፈር የሚኖሩ ኩሩ ሰው ናቸው። "በ'ኦኬ' ልጅ ይጠየቃል እንዴ? ወግ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ኑ!" ብለው መለሱን። ለመጨረሻ ጊዜ ቀጠሩን፤ እሱም በዙም። ሰሎሞን ምግብ አልበላ አለ። አንጀቴን በላው። ጋሽ ታደሰን ለመንናቸው።

ቀኑ ደረሰ። ጋሽ ታደሰ ጋቢያቸውን ደርበው ኮምፒዩተሩ ፊት ተሰየሙ። ሶስና ማስኳን አድርጋ ማሽኑን ታስተካክላለች። አባትየው፣ "እሺ፣ ምን አመጣችሁ?" አሉ። ጋሽ ታደሰ ፈገግ ብለው ዝም። አባትየው ደገሙ። ጋሽ ታደሰ አሁንም ፈገግ። የሰውዬው ፊት ሲጠቁር ስክሪኑ ላይ ይታያል። ሰሎሞን ራሱን ያዘ።

ያኔ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ።

"ጌታዬ" አለች ሶስና። "ዘመድ ልንሆን ፈልገን፣ ደጅ ልንጠናዎት ነው የመጣነው። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን፤ እሱንም እንደ ወለዱት ቆጥረው ይቀበሉልን።"

"ልጃችን" የምትለው አጎቷን ነው።

አባትየው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ይቺ የማን ልጅ ናት?" አሉ።

"የኔ!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

"ባለፈው 'ኦኬ' ያልከው አንተ አይደለህ? አንተ ዝም በል፣ እሷ ትቀጥል።"

ቀጠለች። ሰውዬው ፈቀዱ። ሰሎሞን አለቀሰ፤ እኔም አላፍርም፣ አለቀስኩ። ምርቃቱንም እሷው አወረደችው። "ውለዱ፣ ክበዱ፣ እደጉ ልጆቼ" ስትል ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን አሜን አልን። አባትየውም ጭምር።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ዌርሃውስ አብረውኝ የሚሠሩት ባልና ሚስት ሲጣሉ ኮል የሚያደርጉት ለሷ ነው፤ እኔ ሾፌሯ ነኝ። የላይኛው ፎቅ ሶማሌ ጓደኛዋ፣ ሆዳን የምትባለው፣ በመንጃ ፈቃድ ፈተናዋ ቀን መጥታ በሶስና ተመርቃ ሄደች። አለፈች። በማግስቱ የታችኛው ፎቅ ኔፓል ልጅ በራችንን አንኳኳ።

ባለፈው ሳምንት፣ ክፍልሽን አጽጂ ብዬ ተቆጣኋት። ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ተው ልጄ፣ ንዴት አይበጅህም። ዓለም እንደሁ አላፊ ናት፤ ለአንድ ክፍል ብለን አንቀያየም።"

"በእንግሊዝኛ መልሺልኝ!" ብዬ ጮህኩ።

"በዚህ ቤት የሚወራው አማርኛ ነው" አለችኝ።

ክፍሉን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ስጨርስ መረቀችኝ።