የከድር ዌብሳይት

ሁሉን ነገር ካላጎላ የታየ የማይመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ ቡታጅራ ጎረቤቴ ነው። ከድር ለእንግዳ ማረፊያው ዌብሳይት ሲያሠራ ባለሙያዋ፣ «ጋሽ ከድር፣ ስልክ ቁጥሩን እናጉላው፣ ዙሪያውን ባዶ እንተወው» አለችው።

«ባዶ አትተዪብኝ፤ ባዶማ የድሃ ቤት ነው» አላት።

አልጋው፣ ሻወሩ፣ የግቢው ዘንባባ፣ የራሱ ፎቶ፣ ሁሉም በቀይና በቢጫ ታጨቀ። እኔ ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም፤ ግን በገበያ ሁሉም ከጮኸ ማን ይሰማል?

ከአዲስ አበባ ለሠርግ የመጡ እንግዶች ከጎኑ ያለው ሆቴል አደሩ። የከድር አልጋዎች ባዷቸውን አነጉ። ጠዋት መንገድ ላይ አግኝቶ ለምን እሱ ጋ እንዳላደሩ ቢጠይቃቸው፣ «ዌብሳይትህንማ አይተናል፤ ስልኩን ፈልገን አጣነው እንጂ» አሉት።

አሁንስ ይማር ይሆናል ብዬ አጠገቡ ቆምኩ። ወዲያው ለባለሙያዋ ደወለላት።

«እንግዳ ያሳጣሽኝ ፎቶዬን አሳንሰሽ ነው።»